ከዙፋኑ ቀጥሎ ያለው ወንበር፦ የራስ ሚካኤል ስሑል ሕይወትና ሥልጣን

በየትኛውም አገር መንግሥት ውስጥ ከቀዳሚው ባለሥልጣን ቀጥሎ የሚቀመጥ ሁለተኛ ሰው አለ። ይህ ሰው እንደየአገሩ ሕገ መንግሥት ምክትል ፕሬዚዳንት ወይም ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ተብሎ ይጠራል። ሥራው በአጭሩ ሲገለጽ፣ ዋናው በሥፍራው ሲኖር መርዳት፣ ዋናው ሲታጣ ደግሞ ቦታውን መሸፈን ነው። ነገሩ ከላይ ሲታይ ቀላል ይምሰል እንጂ የብዙ አገሮችን ሕግ አውጪዎች ሲያስቸግር የኖረ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1787 የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እንኳ፣ ፕሬዚዳንቱ ሲሞት ምክትሉ ሹመቱን ይወርሳል ወይስ ሥራውን ብቻ ያከናውናል ለሚለው ጥያቄ የማያሻማ መልስ አልሰጠም ነበር። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1841 ፕሬዚዳንት ሃሪሰን ሲሞቱ ምክትላቸው ጆን ታይለር ሹመቱን ጭምር መረከባቸው ክርክር አስነሥቷል። ጉዳዩ በሕግ የተቋጨው እ.ኤ.አ. በ1967 በጸደቀው 25ኛው ማሻሻያ ነው።

በአገራችንም ሁለተኛው ወንበር ረጅም ታሪክ አለው። በጥንቱ ሥርዓት ከንጉሡ ቀጥሎ የሚታየው ሹም ቢትወደድ ይባል ነበር፤ ግራ ቢትወደድና ቀኝ ቢትወደድ ተብሎ ለሁለት የሚከፈልበትም ዘመን ነበር። በጎንደር ዘመን ሥልጣኑ ከራስነት ማዕርግ ጋር ተዳብሎ ራስ ቢትወደድ ተባለ። ቆይቶም ንጉሠ ነገሥቱን ወክሎ አገር የሚያስተዳድረው ሰው እንደራሴ ተብሎ ተጠራ። ቃሉ ራሱ ፍቺውን ይዞ ይገኛል፤ ንጉሡ ይህ ሰው እንደ እኔ ነው፣ እንደ ራሴ ቁጠሩት ብሎ ለሕዝቡ የሚሰጠው ውክልና ነው። ነገር ግን ውክልናው እስከ የት ይደርሳል? የተወከለው ሰው ከወካዩ የበረታ እንደሆነስ ማን ይመልሰዋል? እነዚህን ጥያቄዎች በተግባር አንሥቶ፣ መልሱን በደም የጻፈው የራስ ሚካኤል ስሑል ሕይወት ነው።

ከዓድዋ የተነሣ ኃይል

ሚካኤል የተወለዱት በ17ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ ገደማ በትግራይ ሲሆን የአቤቶ ሕዝቅያስ ልጅ ናቸው። ስሑል የሚለው ቅጽል የተሳለ፣ ብልህና ነገር አዋቂ ማለት ነው። ቅጽሉም ያለ ምክንያት አልተሰጣቸውም። በወጣትነታቸው ከታናሽ ሹመት ተነሥተው፣ ተቀናቃኞቻቸውን አንዱን በጦር፣ ሌላውን በጋብቻ፣ ሌላውን በትዕግሥት እያሸነፉ የትግራይ ገዥ ለመሆን በቁ። በዳግማዊ አፄ ኢያሱ ዘመን ከጎንደር ቤተ መንግሥት ጋር ተጋጭተው ንጉሠ ነገሥቱ የዘመቱባቸው ቢሆንም፣ ተገዝተው ምሕረት ለምነው ዳኑ። ምሕረት የተደረገላቸው ሰው አንድ ቀን የኢያሱን ልጅ ዕድል የሚወስኑ እንደሚሆኑ በዚያን ጊዜ የገመተ አልነበረም።

የሚካኤል ኃይል ምንጭ ምን እንደነበረ በጥንቃቄ መመልከት ተገቢ ነው። የዘር ሐረግ ብቻውን አልነበረም፤ የመንገድ ባለቤትነት ነበር። በዚያን ጊዜ ከውጭ ዓለም ወደ ጎንደር የሚመጣው ዕቃ በአብዛኛው በምጽዋ ገብቶ፣ ዓድዋን አቋርጦ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ የሚደርስ ነበር። ከአፋር ዝቅታ ተቆርጦ የሚወጣውና በመላ አገሪቱ እንደ ገንዘብ የሚያገለግለው አሞሌ ጨውም በትግራይ በኩል ያልፍ ነበር። ሚካኤል መቀመጫቸውን ዓድዋ ላይ አድርገው ይህን መንገድ በእጃቸው አስገቡ። ቀረጡ ገንዘብ ሆነ፤ ገንዘቡ በምጽዋ በኩል ጠመንጃ ገዛ፤ ጠመንጃው ደግሞ ቀረጡን አስከበረ። በዚህ ዓይነት እየተደጋገፈ ባደገው ኃይል ከጊዜ በኋላ በሺሕ የሚቆጠሩ ነፍጠኞችን ለማሰለፍ ቻሉ። በአንጻሩ የቀረው የአገሪቱ ጦር በአብዛኛው በፈረስ፣ በጦርና በጋሻ የሚዋጋ ነበር።

ሀብቱ የተሰበሰበው ግን በቀረጥ ብቻ አልነበረም። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ወደ ጎንደር ሲያልፍ በዓድዋ የሚካኤልን ግቢ ተመልክቶ፣ ከመኖሪያነቱ ይልቅ እስር ቤትነቱ እንደበዛበት ጽፏል። በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ገንዘብ እስኪከፍሉ ድረስ በሰንሰለት ታስረው ይማቅቁ ነበር። እንግዲህ ሚካኤልን ስናስብ ብልህነታቸውንና ጭካኔያቸውን ለያይተን ማየት አንችልም።

የጎንደር ጥሪ

ሚካኤልን ወደ ጎንደር ያመጣቸው የራሳቸው ምኞት ብቻ ሳይሆን የቤተ መንግሥቱ ድካም ነው። አፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበሩ፣ እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ዘውድ ጭነው በሞግዚትነት አገር አስተዳደሩ። እቴጌይቱ የቋራ ተወላጅ ነበሩና ዋናው ሹመት ሁሉ በቋሬኞች እጅ ገባ። ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑል ለብዙ ዓመታት ሁለተኛውን ወንበር ይዘው፣ እህታቸውንና ንጉሡን እያስማሙ፣ መኳንንቱን እያመዛዘኑ ቆዩ። ወንበሩ በትክክል ሲያዝ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳዩት እኚህ ሰው ናቸው።

አፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጃቸው ኢዮአስ በልጅነታቸው ነገሡ። የኢዮአስ እናት ውቢት የኦሮሞ ተወላጅ ስለነበሩ፣ ወንድሞቻቸውና ወገኖቻቸው ወደ ጎንደር ገብተው ሹመትና ማዕርግ ተቀበሉ። በዚህም የተነሣ ቤተ መንግሥቱ በአያትየዋ በምንትዋብና በእናትየዋ በውቢት ወገኖች ተከፈለ። ራስ ወልደ ልዑል በሕይወት እስካሉ ድረስ ሚዛኑ ተጠብቆ ነበር። በ1759 ዓ.ም. እሳቸው ሲሞቱ ግን ሁለቱን ወገን የሚያስታርቅ ጠፋ። ጎንደርም የጦር ሜዳ ለመሆን ተቃረበች።

በዚህ ጊዜ ነው የትግራዩ ሚካኤል የተጠሩት። ከእቴጌይቱ ጋር ቀድሞም ዝምድና መሥርተው ነበር፤ ልጃቸው ወልደ ሐዋርያት የምንትዋብን ልጅ አልጣሽን አግብተው ነበርና። ጦራቸውን አስከትለው ጎንደር ሲገቡ ዕድሜያቸው ወደ ሰባዎቹ ማብቂያ ተጠግቷል። ራስ ቢትወደድ ተብለውም ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥለው ተቀመጡ። የጠሯቸው ሰዎች ሐሳብ አንድ ነበር፤ ጠንካራው ሰው መጥቶ ጠቡን ያበርድልናል የሚል ነው። ጠቡ ከበረደ በኋላ ጠንካራውን ሰው ወደ መጣበት የሚመልሰው ማን እንደሆነ ግን አስቀድሞ አልታሰበም።

ወካይና ተወካይ ሲጋጩ

የመጀመሪያው ፈተና ከበጌምድር መጣ። የበጌምድር ገዥ የነበሩት ያማርያም ባርያው የእቴጌ ምንትዋብን ልጅ ወይዘሮ አስቴርን ያገቡ ነበሩ። አፄ ኢዮአስ እኚህን ሰው ሽረው ግዛቱን ለአጎታቸው ለብርሌ ሰጡ። ያማርያም ባርያው ሹመታቸውን አናስረክብም ብለው ነፋስ መውጫ ላይ ተዋጉ፤ ብርሌም በጦርነቱ ሞቱ። ኢዮአስም የአጎታቸውን ደም እንዲበቀሉላቸው ራስ ሚካኤልን አዘዙ። ሚካኤል ዘምተው ድል አደረጉ። ሸሽተው የተያዙት ያማርያም ባርያው በሌላው የንጉሡ አጎት በሉቦ እጅ ተገደሉ። ከዚያም በኋላ መበለቲቱን ወይዘሮ አስቴርን ራስ ሚካኤል አገቡ።

ይህ ጋብቻ ብዙ ነገር ለወጠ። በባሏ ሞት ያዘነችው አስቴርና በልጅ ልጃቸው መንግሥት የተገፉት ምንትዋብ ከሚካኤል ጋር አንድ ወገን ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱም የአሸናፊው አገልጋያቸው ኃይል ያሰጋቸው ጀመር። ሚካኤል ሥራቸውን ፈጽመዋልና ወደ ትግራይ ይመለሱ ዘንድ ታዘዙ። እሳቸው ግን አልሄዱም። ኢዮአስ በበኩላቸው ከዳሞቱ ገዥ ከፋሲል ጋር በምስጢር ተወዳጁ። ፋሲል ጦራቸውን ይዘው ወደ ጎንደር ሲቃረቡ ሚካኤል አዘዞ አጠገብ ገጥመው አሸነፏቸው። በጦርነቱ መካከል የንጉሡ የግቢ ወታደሮች ከፋሲል ወገን ተሰልፈው መዋጋታቸው ሲታወቅ ምስጢሩ ተገለጠ።

ነገሩ እዚህ ላይ ከደረሰ በኋላ ለሁለቱም መመለሻ አልነበረም። በግንቦት 1761 ዓ.ም. አፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ትእዛዝ ታንቀው ተገደሉ። በአገሪቱ ታሪክ ነገሥታት በጦርነትም በሤራም መሞታቸው አዲስ ነገር አልነበረም። አዲሱ ነገር፣ ንጉሡን ወክሎ ትእዛዙን እንዲፈጽም የተሾመው ሰው ንጉሡን ራሱን በአደባባይ በሚታወቅ ትእዛዝ ማስወገዱ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች ዘመነ መሳፍንት የሚሉትን ጊዜ ከዚህ ዓመት መቁጠራቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሦስት ነገሥታት፣ አንድ ቢትወደድ

ራስ ሚካኤል ዙፋኑን ባዶ ካደረጉ በኋላ ራሳቸው አልተቀመጡበትም። በፈረንሳይ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ751 የቤተ መንግሥቱ አዛዥ የነበረው ፔፒን የመጨረሻውን የሜሮቪንጊያን ንጉሥ አውርዶ ራሱ ነግሧል። በኢትዮጵያ ግን ዘውድ የሚገባው ከሰሎሞን ዘር ለሚወለድና በጳጳስ ለሚቀባ ብቻ ነው የሚለው እምነት ጽኑ ስለነበር፣ ጠመንጃ ብቻውን ሰውን ሊያነግሥ አልቻለም። ስለዚህ ሚካኤል ከወኅኒ አምባ የአፄ በካፋን ወንድም ዮሐንስን አስመጥተው ዳግማዊ ዮሐንስ አሰኝተው አነገሡ። አዲሱ ንጉሥ ዕድሜያቸው የገፋ ሲሆን፣ በወንድማቸው ዘመን ከአምባው ለማምለጥ ሞክረው አንድ እጃቸውን እንዳጡ ይነገራል። ኖረውበት የማያውቁትን ዓለም ፈርተው፣ ከሚካኤል ጋር በፋሲል ላይ አልዘምትም አሉ። በጥቅምት 1762 ዓ.ም. ሞቱ፤ የሞታቸውም ምክንያት በራስ ሚካኤል የታዘዘ መርዝ እንደሆነ ተጽፏል።

በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ሦስተኛው ንጉሥ ሆነው የተቀመጡት የዮሐንስ ልጅ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። እኚህ የአሥራ አምስት ዓመት ወጣት እንደ አባታቸው መዝመትን አልጠሉም። ሚካኤልን እንደ አባት አክብረው በየዘመቻው አብረው ወጡ። በዚያው ዓመት ፋጊታ ላይ ፋሲል ድል ሆኑ። የሁለተኛው ወንበር ባለቤት በዚህ ጊዜ ከሥልጣናቸው ጫፍ ደረሱ ማለት ይቻላል።

ብሩስ ጎንደር የደረሰው በዚህ ወቅት፣ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ነው። በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ በፈንጣጣ የታመሙትን ካከመ በኋላ ከዘመቻ ከተመለሱት ከራስ ሚካኤል ፊት ቀረበ። ያያቸውም ቀጭንና ረጅም፣ አንድ እግራቸው የሚያነክስ፣ ነጭ ጠጉራቸው በአጫጭሩ የተጠቀለለ፣ ዐይናቸው ፈጣንና ብሩህ የሆነ ሽማግሌ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋን ላይ ቢቀመጡም፣ ፍርድና ሹመት፣ ሰላምና ጦርነት የሚወሰነው በዚህ ሽማግሌ ቃል እንደነበረ የተጓዡ መጽሐፍ በሰፊው ያስረዳል።

ይሁን እንጂ በአንድ ሰው ላይ ብቻ የቆመ ሥልጣን ጠላቶችንም አንድ ያደርጋል። የዳሞቱ ፋሲል፣ የአምሐራው ጎሹና የበጌምድሩ ወንድ በወሰን ቀድሞ እርስ በርሳቸው የማይተማመኑ ሲሆኑ፣ ሚካኤልን ለመጣል ተስማሙ። በ1762 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ራስ ሚካኤል ንጉሡን ይዘው ወደ ትግራይ አፈገፈጉ። በጎንደርም ተባባሪዎቹ ሱስንዮስ የተባሉ ሌላ ንጉሥ አስቀመጡ። የሱስንዮስ ዕድሜ ግን ከክረምቱ ብዙ አልራቀም። በታኅሣሥ 1763 ዓ.ም. ሚካኤል ተከዜን ተሻግረው ተመለሱ።

የመመለሳቸው ጊዜ የጎንደር ጨለማ ጊዜ ነበር። የከዷቸው ሹማምንት በየቀኑ በአደባባይ ተሰቀሉ፤ ከቤተ ክርስቲያን ታላላቅ ሹማምንት አንዱ የነበሩት ዐቃቤ ሰዓት አባ ሰላማ እንኳ ከመስቀል አልዳኑም። በግጥም የዘለፏቸው አዝማሪዎች ሳይቀሩ እንደተገደሉ ብሩስ ጽፏል። ተጓዡ ከከተማው ሬሳ ሲበላ የሚያድረውን የጅብ ብዛት መዝግቧል። ራስ ሚካኤል በፍርሃት ጸጥታ አስከበሩ፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ከልቡ የሚከተላቸው ሰው በጎንደርና በአካባቢው አልቀረም።

ከጠዳ ወዲያ

ከጎንደር ወደ ደቡብ የወጣ መንገደኛ አዘዞን አልፎ ጠዳን ያገኛል። ከጠዳ ወዲያ መንገዱ በማክሰኝት በኩል ወደ በጌምድር ይወስዳል። ጠዳ በጎንደር ነገሥታት ታሪክ ውስጥ የራሷ ሥፍራ አላት፤ የፋሲለደስ ልጅ ቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ በ1674 ዓ.ም. ሲያርፉ የተቀበሩት በዚያ ነው። ከጎንደር ወደ በጌምድር የሚወጣ፣ ከበጌምድርም ወደ ጎንደር የሚመጣ ጦር በዚህ በር ማለፍ ነበረበት። የራስ ሚካኤል የመጨረሻ ዘመቻም የተጓዘው በዚሁ አቅጣጫ ነው።

በግንቦት 1763 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ወጣቱን ንጉሠ ነገሥትና ጦራቸውን ይዘው ከጎንደር ወጡ። ከጠዳ ባሻገር ሰርባኩሳ በተባለው ሥፍራ ከወንድ በወሰንና ከጎሹ ጦር ጋር ሦስት ጊዜ ተዋጉ። የትግራይ ነፍጠኞች ጠንካራ ነበሩ፤ የበጌምድር ፈረሰኞችም የማይደክሙ ነበሩ። ጦርነቱ በአንድ ቀን ድል አላበቃም። ነገር ግን የሚካኤል ኃይል ምንጭ ሩቅ ነበር። ባሩዱም፣ እርሳሱም፣ ተተኪው ወታደርም የሚመጣው ከተከዜ ማዶ ሲሆን፣ ጠላቶቻቸው ግን በገዛ አገራቸው፣ በገዛ እህላቸውና በገዛ ወንዛቸው ላይ ነበሩ። ከትግራይ ይዘውት የመጡት ኃይል ቀን ባለፈ ቁጥር ተመናመነ። ከጎንደር ሕዝብ ደግሞ የጎደለውን የሚሞላ አልተገኘም።

ከሦስተኛው ውጊያ በኋላ ራስ ሚካኤል ወደ ጎንደር ተመለሱ፤ ከተማይቱም ተከበበች። በዚያው ወር ማብቂያ ጦራቸው ትጥቁን ፈታ። ከሰማንያ ዓመት ያልራቁት ሽማግሌ በቤታቸው ተቀምጠው አሸናፊዎቹን ጠበቁ። ወንድ በወሰንም ማርከው ወደ በጌምድር ወሰዷቸው። ብሩስ እንደዘገበው አዛውንቱ በዚያች ሰዓት ምሕረት አልለመኑም፤ አልሸሹም። ከአንድ ዓመት ያህል እስር በኋላም ወደ ትግራይ እንዲመለሱ ተፈቀደላቸው። በዚያም እንደገና የግዛታቸው ገዥ ሆነው ቀሪ ዘመናቸውን ፈጸሙ፤ በ1770ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ በእርጅና አረፉ። ሁለት ነገሥታት ያስገደሉ ሰው በገዛ አገራቸው በዕድሜ ብዛት መሞታቸው የዘመኑ ልዩ ነገር ነው። ብዙ ያለቀሱት እቴጌ ምንትዋብ ከእሳቸው ቀድመው በ1765 ዓ.ም. ዐርፈው ነበር።

ከሥራቸው የተረፈው

ራስ ሚካኤል ጎንደር ላይ የገዙበት ጊዜ ከአራት ዓመት ብዙም አይዘልም። ያስጀመሩት ልማድ ግን ከእሳቸው በኋላ ከሰማንያ ዓመት በላይ ኖረ። ቀዳማዊ ራስ ዓሊ፣ ራስ ጉግሣና ዳግማዊ ራስ ዓሊ ከየጁ ተነሥተው በተራቸው የእንደራሴነቱን ሥልጣን ያዙ። በጎንደር የተቀመጡት ነገሥታት አንዳንዶቹ ደጋግመው ነገሡ፤ ደጋግመውም ተሻሩ። ዘውዱ በሥፍራው አለ፤ ግብሩም፣ ጦሩም፣ ፍርዱም ግን በወኪሉ እጅ ነው። ወኪሉ ደግሞ ከጉልበት በቀር ሌላ የሥልጣን መሠረት ስለሌለው፣ የበለጠ ጉልበት ያለው በተነሣ ቁጥር አገሪቱ በጦርነት ትታመስ ነበር።

ይህን አዙሪት የሰበሩት የቋራው ደጃዝማች ካሣ ናቸው። በ1845 ዓ.ም. ዐማታቸውን ዳግማዊ ራስ ዓሊን አይሻል ላይ ድል ካደረጉ በኋላ የእንደራሴነቱን ወንበር አልተመኙም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ስምና ሥልጣን ከ86 ዓመታት በኋላ በአንድ ሰው እጅ ተገናኙ።

ሁለተኛው ወንበር ግን ከታሪክ አልጠፋም። ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. ድረስ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆነው ከንግሥቲቱ ጎን አስተዳድረዋል። በ1980 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የምክትል ፕሬዚዳንት ሹመት ነበረው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው ሲወጡ ምክትላቸው ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ቦታውን ተክተው የቆዩት ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ ለፕሬዚዳንቱ ምክትል ሳያቆም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖሩበት ጊዜ ተክቷቸው የሚሠራና ለእሳቸውም ተጠሪ የሆነ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲኖር በአንቀጽ 75 ደንግጓል። በ2004 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሲያርፉ ምክትላቸው ኃይለማርያም ደሳለኝ ቦታውን ሸፍነው፣ በ2005 ዓ.ም. መግቢያ በሹመት ተረክበዋል። ሥልጣን ከዋናው ወደ ምክትሉ ያለ ጦርነት ሲተላለፍ መታየቱ በ1761 ዓ.ም. ከሆነው ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ርቀት ነው።

የራስ ሚካኤል ስሑል ታሪክ የአንድ ጨካኝ ሰው ታሪክ ብቻ ተደርጎ ቢነበብ ትርጉሙ ይጎድላል። ጎንደር የጠራቻቸው በራሷ ችግር ነው፤ ሥልጣን የሰጠቻቸው በራሷ ፈቃድ ነው። ያልሰጠችው ነገር ቢኖር የሥልጣኑን ድንበር ነው። ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ፣ እስከ መቼ እንደሚቆዩ፣ ከንጉሡ ጋር ቢጣሉ ማን እንደሚዳኛቸው የሚናገር ሕግ አልነበረም። ድንበር ያልተበጀለት ኃይል በመጀመሪያ የወከለውን፣ በመጨረሻም የተወከለውን ይዞ ይወድቃል። በማናቸውም መሥሪያ ቤትና ማኅበር ሁለተኛ ሰው ሲሾም አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው የሰውዬውን ችሎታ ብቻ አይደለም፤ ወንበሩ ራሱ ወሰኑ ታውቆ የተሠራ መሆኑም ጭምር ነው። ከጠዳ ወዲያ በሰርባኩሳ ሜዳ የወደቁት ሰዎች ደም ለዚህ ማስረጃ ሆኖ ይኖራል።